ለልጄ የኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረጋ የማለት ችግር) የዘረመል ምርመራ ላስደርግለት? ያስደረጋችሁ ንገሩኝ

የባቢ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ እባካችሁ ታገሡኝ።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነው። እዚህ ባቢ ብዬ ልጥራው። ባለፈው ሳምንት አስተማሪው አስጠራችኝ። ረብሾ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። እሷ ግን «ረብሾ አያውቅም፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሐሳቡ ግን ሌላ ቦታ ነው» አለችኝ። ከዚያ የሒሳብ ወረቀቱን አወጣች። ከአሥር ጥያቄ ሦስቱን ሠርቷል። ሦስቱም ልክ ናቸው። አራተኛው ላይ የጻፈው 7 ቁጥር ወፍ ሆኗል። ክንፍ አለው፣ ዓይን አለው፣ ከሥሩ ጎጆ ተሠርቶለታል። ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው። ወረቀቱን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ቆየሁ።

ቤትም ያው ነው። «ጫማህን አድርግ» ብዬው ምሳውን ቋጥሬ ስመለስ አንድ እግሩን ብቻ አጥልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። አኩርፎ አይደለም፤ እምቢ ብሎም አይደለም። ረስቶት ነው። ሌጎ ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት አይነሳም። ማታ በልመና ነው የሚተኛው። አንዴ ከተኛ ደግሞ ሲያንኮራፋ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ጠዋት ማስነሳቱ ሌላ መከራ ነው።

ባለቤቴ «እኔም ልጅ ሆኜ እንደሱ ነበርኩ፤ ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ጠበልም ውሰጂው፣ ሐኪምም አሳዪው፤ አንዱ አንዱን አይከለክልም» አለችኝ። የልጆች ሐኪሙ ኤዲኤችዲ ሊሆን ይችላል ብሎ ወደ ስፔሻሊስት ላከን። ቀጠሮው ግን ከአራት ወር በኋላ ነው።

በዚህ መሃል የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንድ የዘረመል ምርመራ ነገረችኝ። ጉንጩን ከውስጥ በጥጥ አሽተሽ በፖስታ ትልኪያለሽ። በሦስት ሳምንት ሁለት ዓይነት ውጤት ይመጣል። አንዱ ልጁ ለኤዲኤችዲ ያለውን ተጋላጭነት ይናገራል። ሌላው የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ለይቶ ያሳያል። ዋጋው 380 ዶላር ነው። ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። ከፍዬ ሳጥኑ መጥቷል፤ ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል። እስካሁን አልከፈትኩትም።

ምርመራው አለበት ወይም የለበትም ብሎ ቁርጡን ይነግረኛል? መድኃኒትስ ይመርጥልኛል? እውነት ለመናገር መድኃኒቱን እፈራዋለሁ። የአክስቴ የልጅ ልጅ ኪኒኑን ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎ ከሰውነቱ ወጥቷል። የሚስማማውን ከመጀመሪያው ማወቅ ከቻልኩ ገንዘቡ አይቆጨኝም። ደግሞስ የልጄ ዲኤንኤ እዚያ ኩባንያ ዘንድ ምን ይሆናል?


የሁለት ሴቶች አባት፣ ዳላስ

እህቴ፣ እኔ አስደርጌአለሁ። ለትልቋ ልጄ፤ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የደረሰብኝን ብቻ ልንገርሽ።

የመጣው ውጤት አሥራ ስምንት ገጽ ነው። ሐኪሟ ልታዝላት ያሰበችው ሜቲልፌኒዴት ቢጫው ውስጥ ገብቷል። «በጥንቃቄ ይወሰድ» ይላል። ቢጫ ሳይ ደነገጥኩ። እንቢ አልኩ። ሐኪሟ «ይህ ወረቀት ስለዚህ መድኃኒት የሚነግረን ቁም ነገር የለም» ብላ ብታስረዳኝም አልሰማኋትም። የላብራቶሪ ማኅተም ያለበት ነገር ይዤ እንዴት ልስማት?

እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር ሄደ። ልጄ ሁለት ትምህርት ወደቀች። ከዚያ የባሰው ግን አንድ ማታ እራት እየበላን «አባዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ አይደል?» ያለችኝ ነው። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ።

በመጨረሻ ያንኑ ቢጫ የተባለውን መድኃኒት በትንሽ መጠን ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን ሆዷን ይቆርጣት ነበር፤ መጠኑ ሲስተካከል ተዋት። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ደህና ናት። ገንዘቡ አይደለም የሚቆጨኝ። ያ ሰባት ወር ነው።


ፋርማሲስቷ፣ አሌክሳንድሪያ

የባቢ እናት፣ ሳጥኑን ሳትከፍቺ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ባለቀለም ወረቀት ይዞ የሚመጣ ወላጅ ብዙ አያለሁ። ስለዚህ ላስረዝምብሽ ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ባለቤትሽ «እኔም እንደሱ ነበርኩ» ያለው ቀላል ነገር አይደለም። ኤዲኤችዲ በዘር ይሄዳል። መንትዮች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ሲደማመሩ፣ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 74 በመቶ ገደማው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ቁመት ከወላጅ ከሚወረሰው ብዙም አያንስም። እንዲያውም ልጁ ሲመረመር አባትም ስለራሱ ሐኪም ቢያነጋግር መልካም ነው። ስለዚህ ኩባንያው «ዘረመል ነው» ሲልሽ አልዋሸም። ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው።

ኤዲኤችዲን የሚያመጣ አንድ ጂን የለም። በ2023 የታተመ ትልቅ ጥናት ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 38,691 ሰዎች ከሌለባቸው 186,843 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ከዚያ ሁሉ ሰው የተገኘው ዲኤንኤ ላይ ያሉ 27 ቦታዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ እንደ አንድ የጤፍ ፍሬ ነው። ገና ተለይተው ያልተቆጠሩ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ አሉ። የሁሉም ድምር ስለ ብዙ ሺህ ሰው ሲነገር ትርጉም አለው። ስለ አንድ ልጅ ሲነገር ግን አያስተማምንም። «ከፍተኛ» ተብሎ ምንም የሌለበት አለ፤ «ዝቅተኛ» ተብሎ ያለበትም አለ። በዚያ ላይ ጥናቱ የተሠራው የአውሮፓ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በእነሱ ልክ የተሰፋ ልብስ ለባቢ ልኩ አይሆንም።

ይህ ነገር በደምም በጥጥም አይለይም። የሚለየው ልጁን በሚያውቁት ሰዎች ዓይን ነው። ሐኪሙ ዘጠኝ የትኩረት ምልክቶችን ይዞ ይጠይቃችኋል። ቢያንስ ስድስቱ ለስድስት ወር ዘልቀዋል ወይ? ቤትም ትምህርት ቤትም ይታያሉ ወይ? ከአሥራ ሁለት ዓመቱ በፊት የጀመሩ ናቸው ወይ? ልጁን ከሚገባው ነገር እያስቀሩት ነው ወይ? ያ ወፍ ያለበት የሒሳብ ወረቀት 380 ዶላሩ ከሚያመጣልሽ ወረቀት ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። እንዳትጥዪው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ከሚታዘዙት አንዱ ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ሪታሊንና ኮንሰርታ እሱ ናቸው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ሪታሊን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1955 ነው። ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ካርቦክሲልኤስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እነዚያ ወረቀቶች ላይ ዋናው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ሜቲልፌኒዴት ደግሞ በዚያ በኩል አይሄድም። ታዲያ ቢጫው ከየት መጣ? ማስረጃቸው ደካማ የሆነ ሌሎች ጂኖችን ጨምረው ነው። የዳላሱ ወንድማችን ሐኪም ያለችው ልክ ነው።

ምርመራው እውነተኛ ትርጉም ያለው አቶሞክሴቲን ለሚባለው መድኃኒት ነው፤ ስትራቴራ ተብሎም ይሸጣል። እሱን የሚያስወግደው ይኸው ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። ኢንዛይሙ የማይሠራላቸው ሰዎች ደም ውስጥ መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ገደማ ይከማቻል። ሌላው ሰው በአምስት ሰዓት ግማሹን ሲያስወጣ እነሱ ሃያ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል። መድኃኒቱ ውስጥ ተጣጥፎ በሚመጣው መግለጫ ላይ ራሱ ተጽፏል።

እዚህ ላይ የእኛው ጉዳይ ይመጣል፤ ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ይቆጨኛል። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ122 ኢትዮጵያውያን ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። እሌኒ አሁን ስዊድን፣ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ናት። ሰው ሲዋይፒ2ዲ6ን የሚያሠራውን ጂን ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወርሳል። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ግን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። ቅጂው ሲበዛ ኢንዛይሙም ይበዛል። ብዙዎቻችን አንዳንድ መድኃኒቶችን ከሌላው ሰው በፍጥነት እንፈጫቸዋለን። ለአቶሞክሴቲን ቢሆን የተለመደው መጠን ላይበቃን ይችላል።

ከኤዲኤችዲ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኮዴይን ነው። አንዳንድ የሳል ሽሮፕና የሕመም ማስታገሻ ውስጥ አለ። ሰውነት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው በዚሁ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ፈጣን በሆነበት ልጅ ላይ ሞርፊኑ ባንድ ጊዜ ይበዛና ትንፋሽ ያቆማል። ሕፃናት ሞተውበታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ቶንሲላቸው ለወጣላቸው ልጆች ከለከለው፤ በ2017 ደግሞ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሁሉ።

አንድ ቀን አንዲት እናት፣ እንደ እናቴ ያሉ ነጠላ የለበሱ ሴት፣ ግማሽ የቀረው ብልቃጥ ይዘው መጡ። ለራሳቸው ሳል የታዘዘ ነው። «ለልጅ ልጄ በሻይ ማንኪያ ስንት ላድርግለት?» አሉኝ። ብልቃጡን አዙሬ ሳነበው ኮዴይን ነው። ልጁ አራት ዓመቱ ነበር። «እማማ፣ ሰጥተውታል እንዴ?» ስላቸው ድምፄ ተቀየረ። «ኧረ ገና ነው ልጄ» ሲሉኝ ባንኮኒውን ተደገፍኩ። እባካችሁ፣ የቆየ ሽሮፕ ቤት ውስጥ ያላችሁ ዛሬውኑ ፈትሹ። ይህን ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ያው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በኖቬምበር 2018 ላይ የትኛው መድኃኒት ይሠራል ብለው ያለ በቂ ማስረጃ ስለሚናገሩ የዘረመል ምርመራዎች ሕዝቡን አስጠንቅቋል። የአሜሪካ የሕፃናትና የጎረምሶች የአእምሮ ሐኪሞች አካዳሚም በ2020 ለልጆች የአእምሮ መድኃኒት ለመምረጥ በእነዚህ ምርመራዎች እንዳይጠቀሙ ሐኪሞችን መክሯል። የዘረመል ምርመራ ለልጅ የሚታዘዝበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ልጁ አብሮ የንግግር ወይም የእድገት መዘግየት፣ የሚጥል በሽታ ካለበት ሐኪሙ ራሱ ሌላ ዓይነት ያዛል። እሱ ለብቻው ነው።

ለባቢ በልኩ የተሰፋ ሕክምና የምትፈልጊ ከሆነ መንገዱ አሁንም ያው የቆየው ነው። በትንሹ መጀመር። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መጠኑን ማየት። አስተማሪዋ ቅጽ ትሞላለች፤ አንቺም ትሞያለሽ። ክብደቱና ቁመቱ ይለካል። የምግብ ፍላጎት መቀነሱ እውነት ነው፤ ልክ ነሽ። ስለዚህ ጠዋት ኪኒኑን ከመዋጡ በፊት ደህና አድርገሽ አብዪው። ገንፎ በቅቤ የሚወድ ከሆነ ከእሱ የተሻለ የለም። ምሳውን ቢመልስ አትጣዪው፤ ማታ መድኃኒቱ ሲለቀው ይርበዋል፤ እራቱን ያኔ አጠንክሪለት። ካልተስማማው ይቀየራል። ማንም በኪኒኑ አስሮ አያስቀምጠውም።

ስለ ዲኤንኤው መጨነቅሽ ትክክል ነው። በ2008 የወጣ የፌዴራል ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በዘረመል ምክንያት እንዳያገሉ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። በ2023 ደግሞ የኢንተርኔት ሌቦች አንድ ትልቅ የዲኤንኤ ኩባንያ ውስጥ ገብተው የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጥቶበታል። ባቢ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዲኤንኤው ዕድሜ ልኩን አይቀየርም።

አንድ መስመር ላይ ጠቅሰሽው ያለፍሽው ነገር ደግሞ አለ፤ ማንኮራፋቱ። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ሳሎን ድረስ የሚሰማ ማንኮራፋት የለበትም። ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ሥጋ አብጦ ሌሊት ትንፋሹ ይቆራረጥ ይሆናል። እንቅልፉን ያልጠገበ ልጅ ቀን ቀን ልክ ኤዲኤችዲ እንዳለበት ይሆናል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። አራት ወር አትጠብቂ፤ ነገ የልጆች ሐኪሙ ጋ ደውለሽ ስለዚህ ብቻ ቀጠሮ ያዢ። እንጥል አስቆርጪው የሚልሽ ሰው ካለ እንዳትሰሚው፤ እኔ ያልኩት ሌላ ነው።


ረዳት መምህርት፣ ሲያትል

ፋርማሲስቷ እጅሽ ይባረክ። እኔ በትምህርት ቤት በኩል ያለውን ብቻ ልጨምር።

የባቢ እናት፣ ስፔሻሊስቱን እየጠበቅሽ ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲገመግመው መጠየቅ ትችያለሽ። በቃል አይደለም፤ በጽሑፍ። ቀን ያለበት ኢሜይል ለርእሰ መምህሯ ላኪ። «ልጄ በትኩረት ምክንያት ትምህርቱ እየተጎዳ ስለሆነ እንዲገመገምልኝ እጠይቃለሁ» ካልሽ ይበቃል። አካል ጉዳትና የጤና ችግር ያለባቸው እንዳይገለሉ በሚከለክለው በ1973ቱ (እንደ ፈረንጅ) የፌዴራል ሕግ ክፍል 504 መሠረት ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ተጨማሪ ሰዓት፣ አሥሩን ጥያቄ ሁለት ቦታ ተከፍሎ መሰጠት ይቻላል። የኛ ወላጆች አስተማሪ ስትጠራቸው አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ይላሉ። ይቅርታ የሚያስብል ነገር የለም። መብት ነው፤ አስተርጓሚም ከፈለጋችሁ በነፃ ነው።


እናት፣ ስቶክሆልም

ምርመራው የሚጠቅምበትን አንድ ጊዜ እኔ አይቻለሁ፤ ለሚዛን ያህል ልጻፍ። ልጄ ሜቲልፌኒዴት ስላልተስማማው አቶሞክሴቲን ታዘዘለት። ስምንት ሳምንት ወሰደ፤ ምንም ለውጥ የለም። አስተማሪዎቹ መድኃኒቱን አይወስድም ብለው ጠረጠሩን። በየቀኑ እኔ በእጄ እየሰጠሁት! ሐኪሟ ከየት እንደመጣን ጠየቀችኝ፤ ከጎንደር አልኳት። ያችን አንዷን ጂን ብቻ አስመረመረች። ተጨማሪ ቅጂ ተገኘበት። መድኃኒቱን ቀየረችለት፤ እኛም ከጥርጣሬ ወጣን።

ልዩነቱ ገብቶኛል። ጥያቄው ከሐኪሟ መጣ፣ ስለ አንድ መድኃኒት ነበር፣ መልሱም ለዚያ ነበር። ውጤቱን በካርድ ጽፈው ሰጡኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።


የባቢ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሳጥኑን ሳልከፍተው መለስኩት። ግማሹን ገንዘብ መለሱልኝ፤ ይሁን።

ኢሜይሉን ልኬ በአምስተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ ጠራን። ባለቤቴም ከሥራ ቀርቶ አብሮኝ መጣ። አስተማሪዋ ቅጹን ሞልታለች፤ ከዘጠኙ ሰባቱ ላይ «ብዙ ጊዜ» ብላለች። እኔ ቤት የሞላሁት ስድስት ሆነ። ባለቤቴ ቅጹን አንድ በአንድ አነበበው። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠና «ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለ። በዚያች ቃል ውስጥ ስንት ዓመት እንደነበረ እኔ ነኝ የማውቀው። ለራሱም ቀጠሮ ይዟል።

የልጆች ሐኪሙ የባቢን ጉሮሮ በመብራት አየው። ቶንሲሎቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ላከን። የስፔሻሊስቱ ቀጠሮ እንዳለ ነው፤ አልሰረዝነውም። ሁለቱንም ጎን ለጎን እናያለን ብሏል። ቀዶ ጥገና ከመጣ ኮዴይን እንዳይሰጠው ፋይሉ ላይ እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው ስለ 29 በመቶው ሰምቶ አያውቅም ነበር። ጻፈው።

ሐኪሙ ሲተኛ ቅጂልኝ ስላለኝ ትናንት ሌሊት አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ዝም። እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ዘሎ አየር ሳበና ተገላበጠ። ቅጂውን ሐሙስ ይዤ እሄዳለሁ። ወፏን ደግሞ ፍሪጁ ላይ ለጥፌአታለሁ፤ ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ከፍ ብሎ።